የዋልያዎቹ መንገድ፣ ክፍል ስድስት፦ ሁለቱ ቢጫዎች

ባለፈው ሳምንት ሎባትሴ ላይ ጥያችሁ እንደሄድኩ አልረሳሁትም። እናንተም አልረሳችሁትም። ከጋቦሮኔ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በዚያች ከተማ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረትተው፣ ተቃቅፈው፣ ላባቸው እንኳ ሳይደርቅ፣ እኔ "ከእነዚህ ልጆች አንዱ ዛሬ መሰለፍ አልነበረበትም" አልኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ማን ነው? ለምን? ሳምንቱን ሙሉ ስትገምቱ ከረማችሁ። "ፓስፖርት ይሆናል" ያለ አለ። "ዕድሜ ነው" ብሎ የተወራረደም አይጠፋም። አይደለም። በክፍል ሁለት ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ ላይ ሳለን አንዲት ትንሽ ነገር አሳይቻችሁ፣ "ይህችን ያዙልኝ" ብያችሁ ነበር። ያዛችኋት? ወይስ በሳላዲን ሰይድ ጎል ስትዘሉ ከእጃችሁ ወደቀች?

ብትወድቅም አልፈርድባችሁም። ከሁላችንም እጅ ነው የወደቀችው።

ዛሬ አነሳታለሁ። ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ አንድ እሑድ አለ። ያን እሑድ እንደነበረ ካላያችሁት ማታ የመጣው ነገር የት ላይ እንደመታን አይገባችሁም። ስለዚህ ተነሱ፣ ጃኬት ያዙ፣ ሰኔ ነው፤ አዲስ አበባ ስታዲየም እንሄዳለን።

* * *

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ስታዲየሙን የከበበው ሰልፍ ግን አልተነቃነቀም፤ ላስቲክ ለብሶ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ ተራውን ለጎረቤቱ አደራ እየሰጠ ቡና ጠጥቶ ሲመለስ አደረ።

አባቴን ለማስቀረት ሞክሬ ነበር።

"አባዬ፣ ቤት ሆነህ በቴሌቪዥን ብታየውስ? ጉልበትህን ብርድ ይመታሃል።"

"በ54 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ነበረ እንዴ?" አለኝ ጫማውን እያሰረ።

በዚህ መልስ ላይ መልስ የለም። አባቴ በጥር 1954 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። የማያውቀውን ሰው ካፖርት ጫፍ ጨብጦ፣ ልጁ መስሎ፣ በዚሁ ስታዲየም በር ገብቷል። ኢትዮጵያ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ሁሉ ያን ቀን መጠበቅ ነው ብል አላጋንንም።

ደብተሩንም ይዟል። ስለ ደብተሩ በክፍል አንድ ነግሬያችኋለሁ፤ ለረሳችሁ ልድገመው፣ ዛሬ ያስፈልገናልና። አባቴ 31 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆኖ ሠርቷል። የገባው ዕቃ በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22፣ አንዲት ብሎን ሳትጎድል። ጡረታ ሲወጣ መቁጠሩን መተው አልቻለም፤ ዋልያዎቹን መመዝገብ ጀመረ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነው። የእኛ ጎል በቀይ እስክሪብቶ፣ የተጋጣሚ በሰማያዊ። ካርድ ደግሞ በትንሽ አራት ማዕዘን፤ ቢጫዋን የሚቀባው ወንድሜ አንደኛ ክፍል ሳለ በተወው የከለር እርሳስ ቁራጭ ነው። ዝናብ እንዳያገኘው በሁለት ፌስታል ይጠቀልለዋል።

ከማን አንሼ ወደሚባለው የስታዲየሙ ክፍል ገባን። ካታንጋ ገና ከጠዋቱ ይዘፍናል። ሚስማር ተራ መርፌ የሚጣልበት ቦታ የለም። ጥላ ፎቅ ያሉት እንኳ ቆመዋል።

የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውን ሒሳብ አስታውሱ። ዋልያዎቹ በአራት ጨዋታ 10 ነጥብ፣ የዛሬዎቹ ተጋጣሚዎች ደቡብ አፍሪካዎች፣ ባፋና ባፋና፣ 8። ከዛሬ በኋላ አንድ ጨዋታ ብቻ ይቀራል። ካሸነፍን 13 እንገባለን፤ 13 ከ8፣ አምስት ነጥብ፣ በአንድ ጨዋታ የማይሞላ ልዩነት። ምድቡ ያልቃል። ከአፍሪካ አሥሩ የምድብ አሸናፊዎች አንዱ እንሆናለን፤ ከዚያ አንድ የደርሶ መልስ ግጥሚያ፣ ከዚያ ብራዚል። ቃሉን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። ሰው "ከዚያ..." ይልና ዝም ይላል።

ተጋጣሚያችን ማን እንደሆነም አትርሱ። የ2010ሩን (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ያዘጋጀች አገር ናት። ባለፈው ዓመት ሩስተንበርግ ላይ 1 ለ 1 ስንለያይ አሰልጣኛቸው ፒትሶ ሞሲማኔ በማግስቱ ከሥራው ተሰናብቷል። አሁን ጎርደን ኢጌሱንድ ናቸው ያሉት፤ የመጡት ብድር ለመመለስ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብዙም አላስታውሰውም፤ ትንፋሼን ይዤ ነበር። የማስታውሰው ዝምታውን ነው። በርናርድ ፓርከር አገባብን። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዴ ዝም ሲል ታውቁታላችሁ? ከሜዳው የተጫዋቾቹ ድምፅ ይሰማል። ደቡብ አፍሪካዊ ቋንቋ ከማን አንሼ ድረስ መጣ። አባቴ እስክሪብቶ ቀየረ፤ በሰማያዊው "ፓርከር" ብሎ ጻፈ፤ እጁ ግን ተንቀጠቀጠች።

ለእረፍት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ጌታነህ ከበደ!

እንዴት እንደገባች አትጠይቁኝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሲዘል ጃንጥላው ዓይኔ ላይ መጣ። ያየሁት መረቡ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ከጎኔ የነበረች ሴት አቅፋኝ ታለቅሳለች፤ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። 1 ለ 1 ሆነን ለእረፍት ወጣን።

ከእረፍት በኋላ ደቂቃው አልሄድ አለ። አቻ ከወጣን ነገሩ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ይንጠለጠላል። 55። 60። 65። የጎል አናት ላይ የምታልፍ ኳስ፣ የምትመለስ ኳስ፣ "ኧረ አውጣት!"፣ "ኧረ ተወው፣ ፋውል ነው!" አባቴ ሰዓቱን አያይም፤ እኔ እነግረዋለሁ። ወደ 70ኛው ደቂቃ ገደማ ኳሷ ወደ ባፋና ባፋና ግብ ተሻገረች፤ የእኛም የእነሱም ልጆች አብረው ተነሱ፤ አንዱ ነካት፤ መረብ ውስጥ ገባች።

ማን ነው? ሳላዲን ነው? አዳነ ነው? ስታዲየሙ ስም ይጠራል፤ በየረድፉ ሌላ ስም ነው። ቀስ ብሎ ወሬው ከታች ወደ ላይ መጣ። ፓርከር ነው። ያው ፓርከር፣ ቅድም ያገባብን። ሊያርቃት ሲል በራሱ ላይ አገባት።

አባቴ ሁለቱን እስክሪብቶ በሁለት እጁ ይዞ ዞረብኝ።

"ልጄ፣ በየትኛው ልጻፈው?"

"በቀዩ ነዋ አባዬ! ለእኛ ነው የተቆጠረው!"

"የእነሱ ሰው ነው እኮ ያገባው።"

ከኋላችን ያሉ ልጆች "ጋሼ በቀይ ያድርጉት! በቀይ!" ብለው ጮኹ። በቀይ አደረገው። ከቀዩ ሥር ግን በሰማያዊ "ፓርከር፣ በራሱ ላይ" ብሎ ጻፈ። ሰውየው መዝገብ ላይ አይዋሽም። ይህን ያዙልኝ።

2 ለ 1። ዳኛው ሲነፋ አባቴ ደብተሩን ዘግቶ ደረቱ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ፤ ሁሉም ቆሞ እሱ ብቻ ተቀመጠ።

* * *

ከስታዲየም እስከ ለገሃር፣ ከለገሃር እስከ መስቀል አደባባይ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ብቻ ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሰው፣ ኮፈን ላይ ሰው። ረዳቱ ሒሳብ አይቀበልም። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ሥጋ ቤቶቹ ሙሉ ናቸው፤ አንዱ ባለ ሥጋ ቤት ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ ከማያውቀው ሰው ጋር እስክስታ ይወርዳል። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ የሸሸ የለም።

ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው፣ ከጆሃንስበርግ። ጄፔ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። ሩስተንበርግ ስንጫወት በመኪና ተጭነው ከሄዱት ሐበሾች አንዱ እሱ ነበር።

"እህቴ! ሱቁን ዘግቼ ነው ያየሁት! ሰፈሩ በሙሉ ጩኸት ነው!"

"ዙሉዎቹ ምን አሉ?"

"ጎረቤቴ መጥቶ ጨበጠኝ። 'ይገባችኋል' አለኝ። በይ አባዬን አቅርቢልኝ።"

አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ምንም አላለም። "አዎ" አለ። "አዎ ልጄ። አዎ።" ከዚያ መለሰልኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። እናንተም "እዚህ ላይ አቁሚ" ብትሉኝ አልቃወምም። 13 ነጥብ፣ የዓሥራ ሦስት ወር አገር፣ ዝናብ፣ እስክስታ። ግን ያቺን ትንሽ ነገር አደራ ሰጥቻችኋለሁ። አደራ ደግሞ ይጠየቃል።

* * *

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ። ቤታችን ጎረቤት ሞልቷል። ሦስተኛው ጀበና ወርዷል። አባቴ ለሃያኛ ጊዜ "በየትኛው እስክሪብቶ ልጻፈው" ያለውን ይተርካል፣ ሰው ይስቃል። ስልኬ እንደገና ጮኸ። ያው ቁጥር ነው።

"አሁንም አልተኛህም?" አልኩት።

መልስ የለም። ከኋላው የነበረው ጩኸትም የለም።

"እህቴ፣ ዜና አይታችኋል?"

"ምን ዜና?"

"ፊፋ ጉዳይ ከፍቶብናል ይላሉ። የቦትስዋናውን ጨዋታ። ቅጣት ያለበት ልጅ አሰልፋችኋል ነው የሚሉት።"

"የቱ ልጅ?"

"ምንያህል። ምንያህል ተሾመ።"

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። "ምቀኝነት ነው" አልኩት፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። "ዛሬ ስላሸነፍናቸው ነው።" ወንድሜ ዝም አለ። ዝምታው ነው ያስፈራኝ።

ስመለስ አባቴ ፊቴን አየ። ጎረቤቶቻችን እያሉ ምንም አልጠየቀኝም። የመጨረሻው ሰው "ደኅና እደሩ፣ እንኳን ደስ ያለን" ብሎ ሲወጣ በሩን ዘጋና፣

"ምንድን ነው?" አለኝ።

ነገርኩት።

አልተቆጣም። አልጮኸም። ወደ መኝታ ቤት ገባና ፌስታሉን ይዞ ወጣ። አንደኛውን ፌስታል ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ደብተሩን ከኋላ ወደ ፊት ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላ፣ ቅጠል በቅጠል መግለጥ ጀመረ።

ግንቦት 26 ቀን 2004፣ ሩስተንበርግ፣ 1 ለ 1። በቀይ፦ ሳላዲን ሰይድ። በሰማያዊ፦ ካትሌጎ ምፌላ። ከሥር አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን። ቢጫ። አጠገቧ "ምንያህል ተ."።

ያችን ነበር ያዙልኝ ያልኳችሁ።

አባቴ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈና በሌላው እጁ ቀጠለ። መካከለኛው አፍሪካ፣ 2 ለ 0፣ አዲስ አበባ። ሱዳን፣ 3 ለ 5፣ እዚያ። ሱዳን፣ 2 ለ 0፣ እዚህ፤ የዚያን ቀን ገጽ ላይ እንባ ይሁን ዝናብ ያልታወቀ ነገር ቀለሙን አስፈስሶታል። በ31 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን ነው። ዛምቢያ፣ 1 ለ 1። ቡርኪና ፋሶ፣ 0 ለ 4። ናይጄሪያ፣ 0 ለ 2። እነዚህ ገጾች ላይ ካርዶች ተበትነዋል፤ ቢጫም ቀይም አለ።

ከዚያ መጋቢት 15 ቀን 2005፣ ቦትስዋና፣ አዲስ አበባ፣ 1 ለ 0። በቀይ፦ ጌታነህ ከበደ። ከሥር ትንሽ አራት ማዕዘን። ቢጫ። "ምንያህል ተ."።

ሁለት ጣቶቹን በሁለቱ ገጾች ላይ አድርጎ ደብተሩን እንደ ድልድይ ያዘው።

"ቤቴ ውስጥ ነበር" አለ።

* * *

ደንቡን በቀላሉ ልንገራችሁ። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አንድ ተጫዋች በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካየ ቀጣዩን ጨዋታ በራስ ሰር ያልፈዋል። የሚመጣለት መጥሪያ ይኑር አይኑር፣ መቁጠር የየፌዴሬሽኑ ግዴታ ነው። ምንያህል የመጀመሪያዋን ሩስተንበርግ፣ ሁለተኛዋን አዲስ አበባ አየ። ስለዚህ ቀጣዩን፣ ማለትም የሎባትሴውን፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነበረበት።

ምን ያህል ቀላል ነገር እንደሆነ አያችሁ? ደግሞስ ለመጥፋት ምን ያህል የተመቸ! በሁለቱ ቢጫዎች መካከል ዘጠኝ ወር ከምናምን አለ። በዚያ ውስጥ ሱዳንን አሸነፍን፣ አገሩ ሁሉ አበደ፣ ደቡብ አፍሪካ ሄደን ሦስት ጨዋታ ተጫውተን ተመለስን። የአፍሪካ ዋንጫው ካርድ ለብቻው ይቆጠራል፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ለብቻው። አንደኛዋ ቢጫ የሌላ ውድድር ክምር ሥር ተቀበረች። በዓለም ዋንጫው ዓምድ ብቻ ቢታይ ሁለቱ ቢጫዎች በሦስት ጨዋታ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ፣ አሥር ደቂቃ።

አባቴ ይህን በራሱ ቋንቋ ነው ያለው፦

"ሞዴል 19 አለ። ሞዴል 22 አለ። ሁሉም ተጽፏል። የደመረ ሰው ግን የለም። እኔም አልደመርኩም።"

"አባዬ፣ ያንተ ሥራ አይደለም እኮ!"

"31 ዓመት የማን ሥራ ነበር?"

ልጁን ግን ማንም እንዳይነካብኝ። ይህን ዛሬ ሳልናገር አላልፍም። ተጫዋች "ግባ" ሲባል ይገባል፤ ምንያህልም ገባ፣ ሮጠ፣ አገሩን አሸናፊ አድርጎ ወጣ። ስሙ በዚያ ሰሞን በየሻይ ቤቱ ሲነሳ የሰማሁት አነጋገር እስከ ዛሬ ያመኛል። የእሱ ድርሻ መጫወት ነበር። የመቁጠሩ ሥራ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ማኅተም ያለው ሰው ነበረው።

* * *

ከዚህ በኋላ የመጣውን በሩጫ እነግራችኋለሁ፤ ያኔም በሩጫ ነው የመጣው። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። እንጨት ላይ እንደተሰቀለ ሰው ሳምንታት ጠበቅን። ውሳኔው መጣ፦ የሎባትሴው ጨዋታ ለቦትስዋና በፎርፌ 3 ለ 0፣ ደግሞም 6,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣት።

ብቻችንን አልነበርንም። በዚያው ሰሞን ቶጎ ካሜሩንን ሜዳ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ በተመሳሳይ ጥፋት ድሏን ተነጠቀች። ኢኳቶሪያል ጊኒም ኬፕ ቬርድን ካሸነፈችበት ጨዋታ ነጥቧ ተወሰደና ለደሴቶቹ ተሰጠ። ኬፕ ቬርድ ደስ አላት። እናንተ ግን ኬፕ ቬርድን ያዙልኝ። ይህችንም እንዳትጥሏት፤ በክፍል ሰባት እጠይቃችኋለሁ።

አሁን ሰንጠረዡን ተመልከቱ። 13 የነበረው 10 ሆነ። ባፋና ባፋና 8 ላይ ናቸው። የሞቱት ዜብራዎች፣ ቦትስዋናዎች፣ በእኛ ሦስት ነጥብ ከመቃብር ተነስተው 7 ላይ ቆሙ። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው። እኛ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ በዚያው ቀን ደርባን ላይ ደቡብ አፍሪካ ከቦትስዋና።

ካሸነፍን 13፤ ማንም አይደርስብንም።

አቻ ብንወጣስ? 11 እንሆናለን። ባፋና ባፋና ካሸነፉ እነሱም 11። ያኔ የጎል ልዩነት ይቆጠራል። በዚያ ፎርፌ ምክንያት ሦስት ጎል ባዶ ሜዳ ላይ ገብቶብናል፤ የእኛ ልዩነት አንድ ብቻ ነው፣ የእነሱ አራት። እነሱ ያልፋሉ።

ብንሸነፍስ? ደርባን ላይ ያሸነፈ ሁሉ ይዘለናል። ቦትስዋናም ብትሆን።

በእግራችን ያሸነፍነውን ምድብ በእግራችን እንደገና ማሸነፍ ነበረብን። ሌላ መንገድ የለም።

* * *

የእኛና የመካከለኛው አፍሪካ ጨዋታ በአገራቸው፣ በባንጊ፣ አይደለም። በመጋቢት አማፂዎች ከተማዋን ይዘው መንግሥት ገልብጠዋል፤ እግር ኳስ የሚታሰብበት ቦታ አልነበረም። ቡድኑ ቤቱን አጥቶ በጎረቤት አገር፣ በኮንጎ ብራዛቪል ነው የሚያስተናግደን። ሦስት ነጥብ አላቸው፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የትም አይሄዱም።

"ታዲያ ምን ያስፈራል?" ትሉ ይሆናል። አባቴን ብትጠይቁት "የሚያጣው የሌለውን ሰው ፍራ" ይላችኋል። አገሩ የምትቃጠል ልጅ በሰው ሜዳ ላይ ማልያዋን ለብሶ ሲቆም ለምን እንደሚሮጥ እሱ ያውቃል። እኛን ለማሳለፍ እንዳልመጣ ግን እርግጠኛ ሁኑ።

ጳጉሜ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ለእንቁጣጣሽ አራት ቀን ቀርቷል። መንገዱ ዳር በግ ይጎተታል፣ ሽንኩርት በኩንታል ይወርዳል፣ ሕፃናት አደይ አበባ ሰብስበው ይሸጣሉ። እናቴ "ዶሮ ዛሬ ካልገዛችሁ ነገ ዋጋው አይቀመስም" እያለች ማንም አልሰማትም።

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቷል። ከሰኔ ጀምሮ አንድ ለውጥ አድርጓል። በየገጹ ግራ ጠርዝ በማስመሪያ አዲስ መስመር አስምሮ፣ ከላይ "ድምር" ብሎ ጽፏል። የሁሉንም ልጆች ቢጫ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ደምሯል። ሦስት ጊዜ። ሬዲዮው የተሰላፊዎቹን ስም ሲጠራ በእያንዳንዱ ስም ላይ እርሳሱን እያሳረፈ ይከተላል፤ የመጨረሻው ስም ሲያልቅ ተነፈሰ።

"ንጹሕ ነው" አለ። "ዛሬ ሁሉም ንጹሕ ነው።"

ጨዋታው ተጀመረ። የሬዲዮው ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ አንቴናውን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ፤ ወደ ቀኝ ካዞርኩት ብራዛቪል ይጠፋል፣ ወደ ግራ ካዞርኩት ይመለሳል። እጄ ደነዘዘ። አላወርደውም።

ኳስ ከእኛ። ኳስ ከእነሱ። ዘጋቢው ፍጥነት ጨመረ። ስም ጠራ፤ የእኛ ልጅ ስም አይደለም። ድምፁ ከፍ አለ፤ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ።

እናቴ ከጓዳ "ምን ሆነ?" አለች።

አባቴ እስክሪብቶ ቀየረ። ቀዩን አስቀምጦ ሰማያዊውን አነሳ።

1 ለ 0። ለመካከለኛው አፍሪካ።

ማንም አልተናገረም። ዝናቡ ብቻ። በዚህ ዝምታ መሐል ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ ያለው ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መስታወቱ ላይ የወንድሜ ስም አለ። ከጆሃንስበርግ ነው የሚደውለው፤ ደርባን ላይ የሆነውን ከእኛ ቀድሞ አይቷል።

አንቴናውን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ሌላውን ዘረጋሁ።

አባቴ መዳፉን ስልኩ ላይ አደረገ።

"አታንሺው" አለኝ።

(ይቀጥላል)